ድሮ ሮጬ ጨርሻለሁ

ነገሩን የጀመረችው አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ። ሐይቁ ዳር ባለው ሜዳ ልጆቹን አሰልፌ፣ አሟሙቄ፣ ሦስት ዙር ሩጫ አዝዣለሁ። እኔ እንደ ልማዴ ዛፍ ሥር ቆሜያለሁ። ፊሽካው አንገቴ ላይ፣ የሻይ ብርጭቆው እጄ ላይ። ሁለተኛው ዙር ላይ ልጅቷ አጠገቤ ስትደርስ ቆም አለችና እያለከለከች፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ግን ስንት ዓመትዎ ሲሆን ነው ሩጫ ያቆሙት?» አለችኝ።

ስድብ ቢሆን እቆጣት ነበር። የምሯን ነው። ምናልባትም ለራሷ እያሰላች ይሆናል፤ እኔስ ስንት ዓመት ይቀረኛል ብላ። «ሩጪ! ወሬ የለም!» ብዬ ሸኘኋት። ሻዩ ግን አልወርድ አለኝ።

ለማታውቁኝ፣ ጡረታ የወጣሁ ሻምበል ነኝ። 24 ዓመት አገልግዬ ስወጣ ባለቤቴ የሐዋሳ ልጅ ስለሆነች እዚሁ ቀረን። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር፣ አንዱ ሃምሳ አለቃ፣ አንዱ ሻለቃ፣ ሁላችንም ጡረተኞች፣ ቅዳሜና እሁድ የሰፈር ልጆችን በወታደር ወግ እናሠለጥናለን። መሣሪያ የለም፣ ፖለቲካ የለም። ሰልፍ፣ ሩጫ፣ ሰዓት ማክበር፣ የመጀመሪያ እርዳታ፣ ሰንደቅ ዓላማ አሰቃቀል፣ ጫማ አጠራረግ። ወላጆች ደስ ይላቸዋል። እኛ ጎበዞች ስለሆንን አይመስለኝም፤ ልጆቹ ለሦስት ሰዓት ስልክ ስለማይነኩ ነው።

የዚያን ቀን ቤት ገብቼ ሚዛን ላይ ወጣሁ። ከሠራዊቱ ስወጣ 71 ኪሎ ነበርኩ። ሚዛኑ 92 አለኝ። ዕድሜዬ 49። ቀበቶዬ ጫፉ ጋ በምስማር የበሳኋቸው ሁለት አዲስ ቀዳዳዎች አሉት፤ ስበሳቸው ምንም አልመሰለኝም ነበር። ሐዋሳ ደግሞ ለመወፈር የምትመች ከተማ ናት። መሬቱ ሜዳ፣ ባጃጁ ደጅህ ላይ። አሞራ ገደል ወርደህ ዓሣ ጥብስ በዳጣ ትበላለህ፣ ሾርባውን ትደግማለህ፣ ማታ አማቶችህ ጋ የሲዳማው ምግብ ቡሪሳሜ ከነቅቤው ይቀርባል፣ እምቢ ማለት ነውር ነው። አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆቹ መሃል የሚንጎማለለውን አባ ኮዳ ታውቁታላችሁ አይደል? ያ መላጣ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት የተንጠለጠለለት ትልቅ ወፍ። ባለቤቴ «ወንድምህ» ትለው ጀምራ ነበር።

እንዴት እዚህ ደረስኩ ብዬ ሳስብ አንድ ነገር ገባኝ። ለካ እኔ በሕይወቴ ስፖርት ሠርቼ አላውቅም። 24 ዓመት ሙሉ የሠራው ደወሉ ነው። ደወል ሲደወል ተነሳሁ፣ ሲያዙኝ ሮጥኩ፣ ፊሽካ ሲነፋ ቆምኩ። ማዕረግ ሲጨምር ደግሞ ሩጫው እየቀነሰ ሄደ። ምልምል እያለሁ በየቀኑ፣ ሃምሳ አለቃ ስሆን እያስሮጥኩ፣ መኮንን ስሆን አልፎ አልፎ፣ መጨረሻ ላይ ቢሮ ቁጭ ብዬ የሌሎችን ሩጫ ሪፖርት ማንበብ። ደወሉ የጠፋ ቀን እኔም ጠፋሁ። በራሱ ፈቃድ የሚነሳ እግር አልነበረኝም።

ይኸው ነው እንግዲህ ልጆቹን እያስተማርኳቸው ያለሁት። በአፌ «ስፖርት ጤና ነው» እላለሁ፤ ልጆቹ የሚያዩት ግን ትናንሹ እንደሚሮጥ፣ አለቃው ሻይ እንደሚጠጣ ነው። ማዕረግ ማለት ከላብ ማረፍ ነው ብለው ቢደመድሙ ማን ይፈርድባቸዋል?

ፑሻፑን ደግሞ ተዉት። ዘግይቶ ለመጣ ሃያ ፑሻፕ፣ ሰልፍ ውስጥ ለሳቀ ሃያ ፑሻፕ፣ ጫማው ለቆሸሸ ሃያ። እኔም እንዲያ ነው ያደግኩት። አሁን ሳስበው ግን ትንሽ ያሳፍራል። ደረትና ክንድ የሚያጠነክርን ነገር ቅጣት አድርገን ሰጥተናቸው፣ ትልቅ ሲሆኑ ወደው እንዲሠሩት እንጠብቃለን። የሒሳብ መምህር ያጠፋን ተማሪ ሒሳብ እያሠራ ቢቀጣው ኋላ ሒሳብ የሚወድ ይገኛል?

የእህቴ ልጅ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ናት። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ ውስጥ ጁኒየር አር.ኦ.ቲ.ሲ. የሚሉት ክፍል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1916 በወጣ ሕግ የተጀመረ፣ ተማሪዎች ዩኒፎርም ለብሰው ሰልፍ፣ አመራርና ስፖርት የሚማሩበት። አስተማሪዎቹ በአብዛኛው እንደ እኛ ጡረታ የወጡ ወታደሮች ናቸው። ደውዬ «አስተማሪሽ ይሮጣል?» አልኳት። ሳቀች። «አጎቴ፣ እሱን ይለኩታል እኮ!» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ጦሩ ለእነዚህ አስተማሪዎች የክብደትና የሰውነት ስብ መስፈርት አለው። ጡረታ ወጥተህም ዩኒፎርም ለብሰህ ልጆች ፊት ለመቆም ወገብህ ይታያል ማለት ነው።

ሌላም አለ። የአየር ኃይላቸው ረዳት የሆነ ሲቪል ኤር ፓትሮል የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት። እ.ኤ.አ. በ1941 ተቋቁሞ በዓመቱ የወጣቶች ክፍል ጨመረ፤ ልጆች ከ12 ዓመታቸው ጀምሮ ይገባሉ። ልጆቹ ሩጫውም ፑሻፑም ሲታፑም ይለካባቸዋል። ለሚመሯቸው አዋቂዎች ግን የሩጫ ፈተና የለም። ያለው የክብደት ገደብ ነው፤ እሱም ከአየር ኃይሉ መስፈርት በ10 በመቶ ላላ ተደርጎ። ከዚያ ያለፈ ሰው አይባረርም። የአየር ኃይሉን ዓይነት ዩኒፎርም መልበስ ይከለከልና ነጭ ሸሚዝና ግራጫ ሱሪ ይለብሳል። በቃ። ይህንን ለሃምሳ አለቃው ስነግረው ጎኑን ይዞ ሳቀ። «የቦርጫሞች ዩኒፎርም በላ! እኛ አገር ቢሆን ግራጫ ጨርቅ አይበቃም ነበር» አለ።

ሳቅን እንጂ ሐሳቡ ቀላል አይደለም። ሰዎቹ በነፃ ጊዜያቸውን የሚሰጡ ናቸው። ወፍራም ነህ ብለህ ብታባርር ማን ልጆቹን ይይዛል? ጎበዝ አስተማሪ ሆኖ ሰውነቱ እምቢ ያለው ስንት አለ። በሌላ በኩል ግን ልብስ መቀየር ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አይነካውም። ልጁ አሁንም ብቻውን ነው የሚሮጠው፤ ከነጭ ሸሚዙ ፊት።

የራሴን ነገር ልጨርስ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሻዬን ትቼ መጣሁ። ቱታ ለብሼ። ልጆቹ አዩኝና ተንሾካሾኩ። «ዛሬ ከእናንተ ጋር ነኝ» አልኩና ከፊት ሆኜ ተነሳሁ። ከፊት! ድሮ ምልምል ሳስሮጥ በነበረው ፍጥነት፣ ዘፈን እያስቀበልኩ። የመጀመሪያው ዙር ያምራል። ሁለተኛው ዙር ላይ ዘፈኑን አቆምኩ፤ ትንፋሽ የለማ። ሦስተኛው ሊያልቅ ሲል አንዱ ከኋላ በድንጋይ ባቴን የመታኝ መሰለኝ። ዞር ብዬ ሁሉ አየሁ፣ ማን ወረወረ ብዬ። ማንም አልወረወረም። የባቴ ጡንቻ ነው የተቀደደው። አሥራ አራት ዓመቷ ልጅ በአንድ ጎኔ፣ ሌላ ልጅ በሌላ ጎኔ ደግፈው ባጃጅ ላይ ጫኑኝ። የመጀመሪያ እርዳታ አስተምረናቸው ስለነበር በመንገዳችን ካለ ሱቅ ቀዝቃዛ ውሃ ገዝተው ባቴ ላይ አደረጉልኝ። እሱ እንኳን ደስ አለኝ።

ጤና ጣቢያ ስሄድ ያየችኝ ባለሙያ ባቴን ትታ ግፊቴን ለካች። 150 በ95። «ጋሼ፣ እንዲህ ሆነው ነው ከሕፃናት ጋር የሚሽቀዳደሙት? መጀመሪያ መለካት፣ ከዚያ በእግር መሄድ፣ ከዚያ መሮጥ። ተገልብጦ አይደለም» አለችኝ። ልጄ ትሆናለች በዕድሜ። እኔ ግን እንደ ምልምል ተጠንቀቅ ብዬ ነው የሰማኋት።

ቤት በተኛሁባቸው ሦስት ሳምንታት ብዙ አነበብኩ። ጭንቅላቴ 25 ዓመት ላይ እንደቆመ፣ እግሬ ግን ዕድሜውን እንደቆጠረ ገባኝ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ሰውነቱ ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ በየአሥር ዓመቱ በ10 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ጡንቻም ይሟሽሻል። እንቅስቃሴ ስትጀምር ደግሞ ልብና ጡንቻ ቶሎ ይነቃሉ፣ ጅማት ግን ቀርፋፋ ነው፤ ትንፋሽህ «እችላለሁ» ሲልህ ጅማትህ ገና አልተዘጋጀም። የቀድሞ ወታደር የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ወንበር ላይ የኖረ ሲቪል ሲጀምር ይፈራል፣ ቀስ ይላል። እኛ ግን አካሉን ሳይሆን ትዝታውን ይዘን ነው የምንሮጠው።

ስለዚህ እንደ ጀማሪ ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው ቦታ ተነስቼ ዳር ዳሩን 30 ደቂቃ በእግር። አንድ ወር ሙሉ ሩጫ የለም። ከዚያ ሁለት ደቂቃ ዱብ ዱብ፣ ሦስት ደቂቃ እርምጃ። ፍጥነቴን የምለካው በወሬ ነው፤ አብሮኝ ካለው ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማውራት ካቃተኝ በዝቷል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በዚያ ላይ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። አምስት ቀን 30 ደቂቃ ማለት ነው፣ ይኸው 150። ለጡንቻው ጂም አልገባሁም። ፑሻፕ፣ ቁጭ ብድግ፣ ውሃ የተሞላ ጀሪካን ማንሳት። መጀመሪያ ላይ ፑሻፑን ግድግዳ ተደግፌ ነበር የምሠራው። ሻምበል በግድግዳ ፑሻፕ! ልጄ ቪዲዮ ቀርጻብኛለች።

ወር ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ታቦር ተራራን ጨመርኩ። መውጣቱ ልብ ያሠራል፤ መውረዱ ግን ጉልበት ይበላል፣ ዝግ ብላችሁ ውረዱ። ላይ ሆናችሁ ከተማውንና ሐይቁን ስታዩ ግን ሁሉንም ትረሱታላችሁ። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነች እንደ አዲስ አበባ ትንፋሽ አታሳጥርም፣ ፀሐይዋ ግን ከሦስት ሰዓት በኋላ ቀልድ አታውቅም። ለዚህ ነው 12 ሰዓት የምንለው።

ምግቡን ብዙም አልነካሁም። ማታ ማታ መድገም አቆምኩ፣ ጨው ቀነስኩ፣ በቀን ሰባት ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር የነበረው፣ ሦስት ሻይ በአንድ አንድ ማንኪያ ሆነ። ቡሪሳሜውን አልተውኩም። አማት ማስቀየም አልፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሦስታችን ተቀምጠን አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። በየሦስት ወሩ ልጆቹ ሲለኩ እኛም እነሱ ፊት እንለካ። መለኪያው የ12 ደቂቃ ሩጫ። ኬኔት ኩፐር የሚባል የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጣው ነው፤ ሰዓት ይያዛል፣ በ12 ደቂቃ ውስጥ ስንት ሜትር ሄድክ፣ አለቀ። መሮጥ ያቃተው በእግሩ ይሂድ። ውጤቱም በዕድሜ ይመዘናል፤ የ49 ዓመት ሰው ከ16 ዓመት ልጅ ጋር አይወዳደርም። ቁጥራችን ከልጆቹ ቁጥር ጎን ሰሌዳው ላይ ይጻፍ።

ሃምሳ አለቃው ዝም አለ። ጉልበቱ ውስጥ ፍንጣሪ አለ፤ ብርድ ሲሆን ደረጃ መውጣት አይችልም። ከሦስታችን ግን ልጆች የሚወዱት እሱን ነው። እንዴት እንደሚቆም፣ እንዴት እንደሚናገር፣ ያለቀሰን ልጅ እንዴት ዞር አድርጎ እንደሚያናግር እኔ አልችልበትም። አፍሬ ሐሳቤን ላነሳ ስል፣ «እኔ በብስክሌት» አለ። ሐዋሳ ሜዳ ናት፣ ግማሹ ሕዝብ ብስክሌት ላይ ነው፣ ለጉልበት ደግሞ ከሩጫ ይሻላል። በማግሥቱ አንድ ማርሽ ያላት፣ ጎማዋ ስንት ጊዜ የተለጠፈ የወንድሙን ብስክሌት ይዞ መጣ። አሁን ልጆቹ ሲሮጡ ከጎናቸው እየፔደለ ይሄዳል፣ ፊሽካው አፉ ላይ፣ ወደ ኋላ የቀረውን እየገፋፋ። ላቡ ይወርዳል። ያንን ያየ ልጅ ስለ ስፖርት ከእኔ ዲስኩር የበለጠ ተምሯል።

ሻለቃው ግን እምቢ አለ። በክብር፣ በጨዋነት፣ ግን እምቢ። «ሻምበል፣ እኔ ድሮ ሮጬ ጨርሻለሁ» አለኝ። ቡና እየጠጣን ነበር።

«እነ አበበ ቢቂላስ ክብር ዘበኛ አይደሉም?» አልኩት። አበበ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ማሞ ወልዴም ክብር ዘበኛ ነው፤ በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ማራቶን ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር፣ ለሩጫ አረጀ የሚባልበት ዕድሜ። ምሩጽ ይፍጠር አየር ኃይል ነው፤ በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ 5,000ውንም 10,000ውንም ወሰደ። የእኛን ሠራዊት ስም ዓለም የሰማው በሚሮጡ ሰዎች ነው እኮ፣ አልኩት።

ሻለቃው ስኒውን አስቀመጠ። «እነሱ ሯጮች ናቸው ወንድሜ። ሥራቸው ሩጫ ነው። የእኔ ሥራ ማሠልጠን ነው። የእግር ኳስ አሠልጣኝ ሜዳ ገብቶ ይጫወታል እንዴ?» አለኝ።

እውነቱን ልናገር፣ መልስ አልነበረኝም። ማታ አልጋ ላይ ሆኜ ነው መልሱ የመጣው። የእግር ኳስ አሠልጣኝ ለልጆቹ ኳስ ነው የሚያስተምረው፤ ልጆቹም ሠላሳ አምስት ዓመት ሲሞላቸው ኳሱን ማቆማቸው የታወቀ ነው። እኛ ግን የምናስተምረው ዕድሜ ልክ የሚያስፈልግን ነገር ነው፤ ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ወታደር አይሆኑም፣ አንዷ ባንክ ትቀመጣለች፣ አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዱ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ስምንት ሰዓት ልብስ ሲሰፋ ይውላል፣ እና ያኔ ደወል የሚደውልላቸው የለም። አርባና ሃምሳ ዓመት ላይ ሰው ምን እንደሚመስል የሚያዩት እኛ ላይ ነው። ይህንን በማግሥቱ ነገርኩት። «ጥሩ ብለሃል» አለኝ። ቅዳሜ መጥቶ ዛፉ ሥር ቆመ።

የመጀመሪያው መለኪያ ቀን 1,560 ሜትር ሄድኩ። ለዕድሜዬም ዝቅተኛ ነው። ሰሌዳው ላይ ሲጻፍ አንድ ጎረምሳ «አያቴ ይበልጡታል» ሲል ሰምቻለሁ፤ ፑሻፕ አላዘዝኩበትም። ፑሻፕ ለቅጣት መስጠት ትተናል። አሁን ያጠፋ ልጅ ሜዳውን ያጸዳል፣ ፑሻፑን ሁላችን አብረን እንሠራለን፣ እኔም ጭምር፣ እየተንቀጠቀጥኩ። ከአምስት ወር በኋላ 1,980 ደረስኩ። ኪሎዬ 84፣ ግፊቴ 132 በ84። የቀበቶዬን የምስማር ቀዳዳዎች አልፌ ወደ ፋብሪካው ቀዳዳ ተመልሻለሁ።

ያቺ ልጅ 2,450 ሄደች። ከሴቶቹ አንደኛ። እየሮጠች በአጠገቤ ስታልፍ፣ በትህትና ነው እንግዲህ፣ «በርቱ ጋሼ» ትለኛለች። በአንድ መለኪያ ሁለት ጊዜ አልፋኝ ሁለት ጊዜ ብላኛለች። ፍጥነቴን የምጨምረው ያንን ላለመስማት ነው ብል አልዋሸሁም።

የሚቀጥለው መለኪያ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሻለቃው ባለፈው እሁድ አዲስ ስኒከር አድርጎ መጣ። ነጭ፣ አቧራ ያልነካው። ልጁ ከዱባይ እንደላከለትና ጫማው እግሩን ስለሚመቸው ብቻ እንዳደረገው ሦስት ጊዜ ነገረን፣ ማንም ሳይጠይቀው። እኛም ምንም አላልንም። ሃምሳ አለቃው ብቻ ሰሌዳው ላይ ከስሞቻችን በታች አንድ ባዶ መስመር አሰመረ።